ደሜ ንጹሕ ነው ያልኩሽ ቀን

ጉንደ ወይን፣ ሐምሌ ፳፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ሰውነትሽ እንዴት ነው? እግርሽ ማበጡን ተወ ወይስ አሁንም ጫማ እምቢ ይልሻል? በጎንሽ ተኚ ብዬሽ ነበር፤ መቼም ምክሬን ሰምተሽ አታውቂምና እንደ ልማድሽ በጀርባሽ ተንጋለሽ እንደምታድሪ እገምታለሁ። እህል ይወርድልሻል? የላክሁልሽ በሶ ደረሰሽ? ፀሐዩ አልጠልቅ አለ ያልሽኝስ አሁን አደብ ገዛ? እኔ የድንግል ልጅ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ክረምት ሲገባ ጉልበቴ የሚለኝን ይለኛል፣ እኔም የምመልስለትን እመልስለታለሁ። ናፍቆትሽ ግን ክረምትና በጋ አይለይም። ዝናቡ በጊዜው ገብቷል፣ ጤፉም እየተዘራ ነው፤ ላሟም ደህና ናት፣ የቤቱም ጣራ አንዲት ጠብታ አያፈስም። ስለ ላሟና ስለ ጣራው ሌላ ነገር ነግሬሽ እንደነበር አልረሳሁም፤ እደርስበታለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። የስልኩን ነገር ታውቂዋለሽ፤ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ሲሠራም ካልጮኽኩ አትሰሚኝም፣ ስጮኽ ደግሞ ካንቺ ይልቅ ሰፈሩ ይሰማኛል። ይህን ነገር ለሰፈር መንገር አልፈለግሁም። ሌላም ምክንያት አለኝ። በስልክ ስናወራ አንቺ ዝም ያልሽ እንደሆነ እኔ እፈራለሁ፣ ስፈራ ደግሞ አፌ ያመጣለትን መናገር ይጀምራል። ወረቀት ዝም ቢል አያስፈራኝም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በተማርኳት ፊደል ነውና የምጽፍልሽ፣ ስህተት ብታገኚ እንደ ልጅነትሽ አትሳቂብኝ።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ የኔአለም ናት። ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለችው፣ ልጇ እዚያው አንቺ ያለሽበት ከተማ የሚኖረው። ነሐሴ አምስት ትነሣለች። ፖስታውን በጨርቅ አድርጌ ዙሪያውን ሰፍቼዋለሁ፤ ስፌቱ ተፈትቶ ካገኘሽው የፈታችው እሷ ናትና ልትምልልሽ ስትነሣ አትመኛት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ላሟ ታማ አታውቅም። ጣራውንም ነፋስ አልገነጠለውም። የማርያም ማኅበሩ ሴቶች ለመስቀል እዚህ ካልሆንሽ ብለው ያዙኝ ያልኩሽም ውሸት ነው፤ እነሱማ አሁን ብሄድላቸው ደስ ይላቸዋል። ለምን እንደዋሸሁ ለመንገር ከመጋቢት መጀመር አለብኝ።

መጋቢት ላይ፣ ዓቢይ ጾም ገብቶ፣ ደወልሽልኝ። እማዬ፣ ለመውለጃዬ ስትመጪ ክትባት ያስፈልግሻል፣ የጉበት ክትባት፣ ለመንገደኛ ሁሉ ነው አልሽኝ። በስድስት ወር ውስጥ ሦስት መርፌ ነው፣ ከአሁኑ ጀምሪው አልሽኝ። እሺ አልኩ። ግን መርፌውን ከመወጋትሽ በፊት ደምሽን ይዩልሽ፣ አደራ፣ ደምሽን ሳያዩ እንዳትወጊ አልሽ። አደራ የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ጠርተሽዋል። ድምፅሽ ታፍኖ ነበርና ታለቅሻለሽ እንዴ ብልሽ፣ እርግዝናው ነው፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል አልሽኝ። እኔም አንቺን ያረገዝኩ ጊዜ ጭልፊት ለወሰደው ጫጩት ግማሽ ቀን ያለቀስኩ ሰው ነኝና አመንኩሽ። ስልኩን ልትዘጊ ስትዪ ደግሞ አባቴ ሲሞት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። አዎ፣ የወፍ በሽታ ነበር፣ ሆዱም ተነፍቶ ነበር፣ አንቺ ያኔ አራት ዓመትሽ ነው አልኩሽ። ዛሬ ምን አስታወሰሽ ብዬ አልጠየቅሁሽም።

ዳግማይ ትንሣኤን ውዬ፣ መንገዱ ተከፍቷል ሲባል ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ሆስፒታሉ ክትባት ክፍል ውስጥ ሕሊና የምትባል ነርስ አገኘሁ። እድሜዋ ካንቺ ቢበልጥ በአንድ ዓመት ነው፤ ጥርሷ ፍንጭት፣ ንግግሯ ዝግ ያለ። ወዴት ነው የሚሄዱት አለችኝ፤ ስዊድን አልኳት። ምን ሊሠሩ አለችኝ፤ ልጄ ስትወልድ ላርሳት አልኳት። ሳቀች፤ የታደለች ልጅ አለችኝ። ልጄ መጀመሪያ ደሜ ይታይ ብላለች ስላት ጎበዝ ልጅ አለችዎት ብላ ጥያቄ ጀመረች። ደም ተሰጥቶዎት ያውቃል? የለም። ቀዶ ጥገና? የለም። ንቅሳት አለዎት? አንገቴን እያየች እኮ ነው የምትጠይቀኝ! ሰባት ሆነን በአንድ መርፌ ተነቅሰናል፣ ከእኔ በፊት አራት፣ ከእኔ በኋላ ሁለት፣ አንዷም ስታለቅስ ነበር፣ እሷም እኔ ነኝ አልኳት። ይህንንም ጻፈችው፤ ማልቀሴን ግን የጻፈችው አልመሰለኝም።

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። ወረቀቱን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሐኪም አጠገብሽ ሲቀመጥ መቼም ደግ ነገር የለም። እማማ፣ የጉበት ቫይረስ ደምዎ ውስጥ አለ፣ ቆይቷል፣ ክትባቱ ላልያዘው ሰው ነው እንጂ ለእርስዎ አይጠቅምም አለችኝ። አይደንግጡ፣ ገና የምነግርዎ ብዙ ነገር አለ ስትል ወረቀቱን ከእጇ ተቀብዬ ተነሣሁ። ታውቂኛለሽ፣ የሰው ቃል እስኪያልቅ የመጠበቅ ጠባይ አልፈጠረብኝም። እማማ፣ ቆይ እንጂ እማማ እያለች እስከ ግቢው በር ተከተለችኝ። እኔ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ነበር።

ያን ቀን ተቀምጬ ብሰማት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሌላውን ሁሉ ይቅር ብለሽ ይህን ብትቀየሚኝ አልፈርድብሽም።

ቅዳሜ ደወልሽ። ባልሽ ድረስ አጠገብሽ ነበር፤ እማማ እንዴት ከረሙ፣ በዓሉ እንዴት ነበር ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔም አማቼ አይደል፣ መርቄ መርቄ ለቀቅሁት። ስልኩን ሁለታችሁም እንድትሰሙት አድርገሽው እንደነበር የገባኝ እሱ ከሩቅ ሲያስነጥስ ነው። ተመረመርሽ ወይ አልሽኝ። ልጄ፣ በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የእናቷ ደም የተበላሸ ነው ብሎ ባልሽ እንዳይንቅሽ፣ የበሽተኛ ዘር እንዳትባዪ። ስለዚህ ደሜ ንጹሕ ነው አልኩ። በዚህም አልበቃኝም። ከዋሸሁ አሳምሬ ነውና የሕፃን ደም ይመስላል አሉኝ፣ ሐኪሞቹ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ደም አላየንም ብለው እርስ በርስ ተጠራሩ አልኩ።

የጉበቱንም አይተውታል? አልሽ። አይተውታል። እርግጠኛ ነሽ? እርግጠኛ ነኝ። እማዬ በማርያም፣ እርግጠኛ ነሽ? አልሽኝ። በእሷ ስም ስትጠይቂኝ እንኳ አልተመለስኩም፤ አዎ አልኩ። ከዚያ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ፣ ቀጥሎ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ማነው ብልሽ፣ ድረስ ነው፣ ሥራ ሄደ አልሽኝ። ቅዳሜ ነበር። እኔ ግን በዚያ አገር ቅዳሜም ይሠራል ማለት ነው ብዬ አለፍኩት።

መምጣቱን ግን ልቤ እምቢ አለ። ዋሽቼሽ ልምጣ ብል፣ ሕፃኑን አቅፌ፣ ስሜ፣ አጥቤ፣ በሽታዬን ላጋባበት ነው? ስለዚህ ላሟን አሳመምኳት፣ ጣራውን በነፋስ አስወሰድኩት። አንቺም በእያንዳንዱ ምክንያት እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ ትዪ ነበር። ድሮ ለትንሽ ነገር የምትከራከሪኝ ልጅ እሺ ስትይኝ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደኖርኩ ልንገርሽ፤ ለማንም አልተናገርኩትምና ላንቺ ልናገረው። በሽታው በምራቅ፣ በላብ፣ በእጅ የሚሄድ መሰለኝ። ማንንም ማጉረስ ተውኩ። ሰው ቤት ስጠራ በልቼ ነው የመጣሁት ማለት ጀመርኩ። ጎረቤት ወንፊት ሊዋሰኝ ሲመጣ ጠፍቶብኛል እላለሁ፤ ወንፊቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያዩት። ገበያ ወርጄ አንዲት ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ገዛሁ፤ የሄድኩበት ሁሉ በነጠላዬ ሥር ይዤያት እሄድ ነበር።

ግንቦት ሃያ አንድ ማኅበር ሄድኩ። ጽዋው ዞሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ ተሳልሜ ሳልቀምስ አሳለፍኩት። ጠላ ሲቀዳም ኩባያዬን አውጥቼ በዚህ ቅዱልኝ አልኩ። ማንጠግቦሽን ታውቂያታለሽ፣ የማኅበራችን ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን እሷ ናት፤ ኩባያዬን አየችና ቀዳችልኝ። ወሬውን ያመጣችልኝ የኔአለም ናት። ልጇ ስዊድን ገብታ የእኛ አፍ አስጠላት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አብረን የጠጣነውን ዛሬ ተጸየፈችው ተብያለሁ። ስዊድኖች እግዜር ይይላቸው፣ ሳያውቁኝ ስሜን አጠፉት።

ሰኔ ማርያም ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ዳቦውን በእጄ ለመጋገር ፈራሁና ለሰው አስጋገርኩ። ይህንንም ሰሙ። መጡ፤ እንዳይቀሩ ማኅበር ነውና መጡ፤ ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ እያንዳንዳቸው ጫፉን ነክተው ወጡ። የዛሬ ዓመት ተጨዋውተን፣ ያንቺን ሠርግ ፎቶ ደግመን ደጋግመን አይተን ስንለያይ መሽቶ ነበር። ዘንድሮ የቤቴ በር ገና በፀሐይ ተዘጋ። ዳቦው ተርፎ አራት ቀን ብቻዬን በላሁት። ልጄ፣ አባትሽ ሲሞት ያለቀስኩትን ያህል ያን ሳምንት አልቅሻለሁ። አባትሽን ስቀብር እንኳ ቤቴ በሰው ተሞልቶ ነበር።

እንዲህ ሆኜ ሐምሌ ገባ። የኔአለም የመንገዷን ክትባት ማርቆስ ጀምራ ስለነበር ሁለተኛዋን መርፌ ልትወጋ አብረሽኝ ሂጂ አለችኝ። መርፌ ስታይ እንደ በግ የምትጮኽ ሴት ናት፤ እጇን የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች። እኔ ያን ግቢ ዳግመኛ ማየት አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ አብረሽኝ ሂጂ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናትና ሄድኩ። በመንገድ ላይ የደም ምርመራሽ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኋት። የምን ደም? አለችኝ። ልጅሽ ደምሽን ይዩልሽ አላለሽም? የለም፣ መርፌውን ተወጊ ነው ያለኝ፣ ሌላ ነገር አላለኝም አለች። ያኔ ነገሩን ልብ አላልኩትም፤ ሽው ብሎ አለፈ።

ሕሊና ገና ከበሩ ስታየኝ አወቀችኝ። ወረቀትዎን ይዘው የሮጡት እናት ብላ እጄን ያዘች። ሦስት ወር ስልክዎን ስላልተውልኝ ስንቆራጠጥ ኖርኩ አለችኝ። የኔአለምን ወግታ፣ ጩኸቱ ካበቃ በኋላ፣ ደጅ እንድትጠብቀኝ አድርጋ በሩን ዘጋችና ይህን ጊዜ እስክጨርስ አይነሡም አለችኝ። ቁጭ አልኩ።

መጀመሪያ ስለራሴ ነገረችኝ፤ አትስጊ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጉበቴን አይቶልኛል፣ አልተጎዳም፤ በየስድስት ወሩ እየሄድኩ እታያለሁ፣ መድኃኒቱንም ካስፈለገ ያን ጊዜ ይሰጡኛል። ቀጥሎ በምን እንደሚተላለፍ ነገረችኝ። በጽዋ አይተላለፍም። በማዕድ፣ በጉርሻ፣ በመጨባበጥ፣ በመሳሳም አይተላለፍም። ሕፃን ማቀፍ አይከለክልም፣ አውሮፕላን መሳፈርም አይከለክልም። ቀዩን ኩባያ ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ አሳየኋት፤ ምን እንደሆነ ስነግራት ሳቅ ጀምራ መሐል ላይ ተወችው። የሚተላለፈው በደም ነው፣ በባልና ሚስት መካከል ነው፣ ደግሞም ከእናት ወደ ልጅ ነው፣ በወሊድ ጊዜ አለችኝ።

ይህን ስትለኝ እስካሁን ያላሰብኩትን አሰብኩ። ልጄን የወለድኳት በሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ያን ጊዜ ነበረብኝ ይሆን አልኳት። ሳይኖርብዎት አይቀርም አለች። ትልቅ ሰው ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይለቀዋል፤ ሳይለቅ ዕድሜ ልክ የሚኖረው ይበልጡን በሕፃንነቱ የያዘው ሰው ዘንድ ነው፣ ሲወለድ ወይም ገና ጨቅላ ሳለ አለችኝ። አባትሽን እኔ ይሆን ያስያዝኩት? ልጠይቃት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የሞተን ሰው ነገር ሳውቀው ምን ላደርገው ነው? ላንቺ ግን ጠየቅሁ። ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፣ መስከረም መጨረሻ ትወልዳለች፣ አታውቅም፣ ሄጄ ሳልነግራት ሕፃኑ ቢያዝስ ብዬ ጮኽኩ። ቀስ ይበሉ አለችኝ። እርጉዝ ሴት ሁሉ ደሟ ይታያል፣ እዚህም እናያለን፣ እዚያማ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው የሚያዩት። ካለባት ከመጋቢት ጀምሮ ታውቃለች፤ ሕፃኑም በተወለደ በሰዓታት ውስጥ መርፌውን ያገኛል፣ ሐኪሞቿ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል አለችኝ።

መጋቢት።

ወጥቼ የኔአለም አጠገብ ቆምኩ። ክንዷን ይዛ ስታማርር አንድም አልሰማኋት። ለመንገደኛ ሁሉ ነው ያልሽኝ ትዝ አለኝ። የኔአለምም መንገደኛ ናት፤ ደምሽን ይዩልሽ፣ አደራ ያላት ግን የለም። አንቺ እኔን ምን ብለሽ ወደ ሐኪም እንደምትልኪኝ ስንት ቀን አስበሽ ይሆን? እናቴ እንዳትደነግጥ፣ ያስያዝኳት እኔ ነኝ ብላ እንዳታዝን ብለሽ፣ ከዚያ ሁሉ ሕመም መሐል ሆነሽ ለእኔ የምትስማማ ምክንያት ፈለግሽልኝ። ከእኔ ይልቅ አንቺ ውሸት ታሳምሪያለሽ፤ ያንቺኛው ሰው አይጎዳም።

ከዚያ ወዲህ ሳምንት ሆነኝ። መሐል ላይ ሐምሌ ማርያም ነበረችና ማኅበር ሄድኩ። ኩባያዬን ቤት ትቼ፣ ጽዋው ሲደርሰኝ በሁለት እጄ ተቀብዬ ጠጣሁ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ከእኔ ቀጥላ የምትቀመጠው ማንጠግቦሽ ስትቀበለኝ የጽዋውን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ጠጣች። ነገሩን ሰምታ ይሁን፣ በቂም ይሁን፣ አላውቅም። አልጠየቅኋትም። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ የእኔ ነገር ይቆያል፣ ሴቶቹም የትም አይሄዱም። ያንቺ ነው ጊዜ የሌለው።

ልጄ፣ የምጠይቅሽ ነገር የለኝም። ድረስ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ድምፁን ያላሰማኝ ለምን እንደሆነ አልጠይቅሽም። ሥራ ላይ ነው ትይኛለሽ፣ ተኝቷል ትይኛለሽ፣ ይሁን። ባለፈው ስትደውዪ ድምፅሽ ዕቃው ከወጣ ቤት እንደሚመጣ ያስተጋባ ነበር፤ ስለዚህም አልጠይቅሽም። ስንት ቀን ብቻሽን ሐኪም ቤት እንደሄድሽ፣ ማን ቦርሳሽን እንደሚይዝልሽ ብጠይቅሽ እሺ እማዬ፣ ደህና ነኝ እማዬ ስለምትይኝ አልጠይቅሽም። ወንድ ልጅ ሚስቱ ደም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ መጀመሪያ ምን እንደሚመጣበት ለማወቅ ግን ስዊድን መኖር አያስፈልግም። ጉንደ ወይንም ያው ነው።

በማርያም፣ እርግጠኛ ነሽ ብለሽ የጠየቅሽኝ ቀን መልሴን የምትጠብቂው አንቺ ብቻ አልነበርሽም። እኔ የክብርሽ ጠባቂ የሆንኩ መስሎኝ ለራሴ የሕፃን ደም ሰጠሁ፤ ሌላውን ነገር ሁሉ አንቺ ላይ ጥዬ። ሦስት ወር ተሸክመሽው አንድ ቀን እንኳ እማዬ ዋሽተሻል አላልሽኝም። ልጄ፣ ይቅር በይኝ። ይቅር ባትይኝም የላክሁልሽን ተቀበይኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የምርመራ ወረቀቴን አጣጥፌ አስገብቼዋለሁ። ቅጂ አይደለም፣ ዋናው ነው። የሆስፒታሉ ማኅተም አለበት፣ ቀኑ አለበት፣ ስሜ ከነአባቴ ከነአያቴ አለበት። ማርቆስ ተመልሼ ወስጄው፣ ሕሊናን ለምኛት ከሥሩ በእንግሊዝኛ ጽፋበታለች፤ እኔን ያየኝ ሐኪምም ፈርሞበታል። በአማርኛ ተርጉማ አንብባልኛለች፤ ይህች ሴት ቫይረሱ ከብዙ ዓመት ጀምሮ እንዳለባት ይገመታል፣ ከእሷ የተወለደ ልጅ ሲወለድ ሊይዘው ይችላል፣ ልጁም ሳያውቀው አብሮት ሊያድግ ይችላል ይላል። ከዚህ የበለጠ መጻፍ አንችልም፣ የምናውቀው ይህን ያህል ነው አለችኝ። እኔ ግን እችላለሁ። ከእኔ ነው። ከእኔ ማኅፀን በስተቀር ከየትም አላመጣሽውም። ይህን የሚጠራጠር ሰው ካለ ደብዳቤዬን ጭምር ስጪው፤ አማርኛ ያነባል። አጠገቡ ቆመሽ አታስረጂው፣ አትማዪለት፣ አታልቅሺለትም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለትና ውጪ።

አብሮሽ የተኛ ሰው ነውና እሱም ይመርመር፣ ንጹሕ ከሆነም ያንን ሦስት መርፌ ይወጋ፤ ለእሱ ይጠቅመዋል። በዚህ ቅር አይበለው፤ ሚስቱን ያገባው እንደ ሸማ በሁለት እጁ ዘርግቶ አይቶ ነው፣ እንግዲህ መርፌዋንም ይቻላት።

የመምጫዬን ነገር እንደገና ጀምሪልኝ። ፓስፖርቴ ሣጥን ውስጥ ነው። ግብዣውን ላኪልኝ፣ የሚጠይቁትን ወረቀት ሁሉ አሟላለሁ፤ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን አዲስ አበባ እወርዳለሁ። ቪዛው እስከ መስከረም መጨረሻ ላይደርስ ይችላል፣ አውቃለሁ፤ የሦስት ወር ውሸቴ ያቃጠለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የኔአለምን አደራ ብያታለሁ። ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ ልጄ ስትወልድ አጠገቧ ቆመሽ እጇን ያዥልኝ ብቻ ነው ያልኳት። እሷ መርፌ ባየች ቁጥር እንደምትጮኽ አስቢና ማን ማንን እንደሚይዝ እዚያው ተስማሙ። እኔ ብዘገይም እመጣለሁ። ሰው ቢኖርም ባይኖርም ብቻሽን አትወልጂም፣ ብቻሽንም አታሳድጊም።

ልጄ፣ ማርያም በምጥሽ ሰዓት ከራስጌሽ ትቁም። ሳትጨነቂ በቶሎ ትገላግልሽ። እጅሽ ላይ የሚወድቀውን ሕፃን እግዜር ዕድሜውን ያርዝምልሽ፣ ከክፉ ደዌ ይሰውርልሽ፤ ገና በተወለደ ቀን ያን መርፌ ሲወጋ ሲያለቅስ አብረሽው አታልቅሺ። ላንቺም ጡትሽን በወተት፣ ጎጆሽን በሰው ይሙላልሽ። ያለሽበትን ምድር ያለምልምልሽ፣ በሄድሽበት ሁሉ የሰው ፊት ብሩህ ይሁንልሽ። አሜን በይ።

በናፍቆት እስክንገናኝ፣
ውሸታሟ እናትሽ

ይህን ሰፍቼ ከጨረስኩ በኋላ ፈትቼ ነው የጨመርኩት፤ ስፌቱ ሁለት ጊዜ ቢመስልሽ የኔአለምን አትጠርጥሪያት። ወረቀቱን ሲያነብ ታዲያ እናትሽ ለምን ንጹሕ ነው አለች ብሎ ይጠይቅሻል። ፈርታ ነው፣ አንተን ነው የፈራችው በዪው። እኔን ይቀየመኝ። አንቺን ከሚቀየም እኔን ይቀየመኝ።